ታምሩ የዞረባቸው ቤቶች

በ2003 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሀዋሳ ውስጥ ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁሉ የታምሩን ስልክ ቁጥር በቃሉ ያውቅ ነበር ቢባል ትንሽ ማጋነን ይሆናል። ታምሩ ግን ይህን ሲሰማ ማጋነኑ አይታየውም።

ታምሩ አርባ አራት ዓመቱ ነው። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ ቀበቶውን ጠበቅ የሚያደርግ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶና አንድ ቀጭን ካቻቢቴ የሚሰካ፣ ሲናገር ጣቱን የሚያነሳ ሰው ነው። ሥራው ኮምፒውተር መጠገን ነው። አንድ የመድኃኒት ቤት ባለቤት በቀልድ "ዶክተር" ብሎ ጠራውና ስሙ በዚያው ቀረ። ባለ መድኃኒት ቤቱ ቀለደ እንጂ ታምሩ አልቀለደም። ስልክ ሲያነሳ "ዶክተር ታምሩ ነኝ፣ ምን ሆነ?" ማለት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። በዚህ ስም ጠርታው የማታውቅ ሚስቱ ጥሩወርቅ ብቻ ናት።

የሐኪምነቱ ምልክት አንገቱ ላይ በሰማያዊ ክር የሚያንጠለጥላት ቀይ ፍላሽ ናት። ቫይረስ ማጥፊያው፣ የጠፋ ፋይል ማውጫው፣ የዊንዶውስ መጠገኛው ሁሉ እሷ ውስጥ ነው። ለማንም አያውሳትም። አውሰኝ የሚል ሰው ካጋጠመው፣ "አንተ የጥርስ ብሩሽህን ለሰው ታውሳለህ?" ይለዋል። ጠያቂው አፍሮ ይመለሳል።

በዚያ ግንቦት፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሩዋይዳ ደወለችለት። ሩዋይዳ አዲስ ከተማ ውስጥ፣ ባጃጆች ተራ ከሚጠብቁበት ማዕዘን ላይ፣ ሰባት ኮምፒውተር ያለው የኢንተርኔትና የጽሕፈት ቤት አላት። ቤተሰቦቿ ከስልጤ መጥተው ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ናቸው፤ ወንድሟ ሱልጣን አሁንም እዚያው ጨርቁ ላይ ነው። እሷ ግን ከስድስት ዓመት በፊት ታምሩ በሚያስተምርበት ማሠልጠኛ ገብታ ኮምፒውተር ተማረችና በዚያው ከጨርቁ ወጣች። ስለዚህ ለታምሩ ተማሪው ናት። ሰባት ኮምፒውተር ቢኖራት ተማሪው ናት፤ ሰባ ቢኖራትም ያው ናት።

"ጋሼ ታምሩ፣ ቶሎ ይድረሱልኝ። ልጅቷ እያለቀሰች ነው።"

"የትኛዋ ልጅ?"

"ሮሆቦት የምትባል ተመራቂ ናት። የመመረቂያ ጽሑፏን ልታሳትም መጥታ ፍላሿ ውስጥ የነበረው ሁሉ ቀስት ሆነባት።"

ታምሩ በባጃጅ ደረሰ። እውነትም ልጅቷ ዓይኗ ቀልቷል፤ ፍላሿ ውስጥ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ጥጋቸው ላይ ትንንሽ ቀስት አውጥተዋል። ታምሩ አንዴ አየና ፈገግ አለ። ቀይዋን ፍላሽ ከአንገቱ አውልቆ ሰካ፣ ጥቂት ነገር ጻፈ፣ ጥቂት ነገር ተጫነ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የሮሆቦት ጽሑፍ መቶ ሃያ ገጹ ሳይጎድል ብቅ አለ። ልጅቷ አቀፈችው። በቤቱ የነበሩት ተማሪዎች አጨበጨቡ። ታምሩ ጭብጨባው እስኪበርድ ጠብቆ ጣቱን አነሳ።

"ፋይልሽ አልጠፋም ነበር፤ ተደብቆ ነው። ይሄ ትል ይባላል። የገባበትን ፍላሽ ፎልደሮች ይደብቅና በቦታቸው የእነሱን መልክ የያዘ የራሱን ምልክት ይተክላል። አንቺ ፎልደሬን ከፈትኩ ብለሽ ስትጫኚ መጀመሪያ የምትቀሰቅሺው እሱን ነው። ከተነሳ በኋላ ፎልደርሽን ራሱ ይከፍትልሻል። አየሽ ተንኮሉን? የፈለግሽውን ስላገኘሽ ምንም አትጠረጥሪም።"

"ታዲያ ይሄ ቫይረስ አይባልም?" አለች ሩዋይዳ።

"ቫይረስ ሌላ፣ ትል ሌላ። ቫይረስ ፋይል ላይ ተለጥፎ ሰው እስኪያዞረው ይጠብቃል። ትል ግን በገዛ እግሩ ይሄዳል።"

"ትል እግር አለው እንዴ?"

"ይሄኛው አለው" አለ ታምሩ ኮስተር ብሎ። "በፍላሽ ይገባል፤ ከዚያ የኔትወርኩን ገመድ ይዞ ጎረቤቱን ያንኳኳል። የይለፍ ቃል ከሌለው፣ ወይም ቀላል ከሆነ፣ ሰተት ብሎ ይገባል። ለመሆኑ የእነዚህ የሰባቱ የይለፍ ቃል ምንድን ነው?"

ሩዋይዳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አንድ ሁለት ሦስት አራት" አለች።

"እንግዲህ ትሉም እስከ አራት መቁጠር ይችላል።"

ይህን ቀልድ ታምሩ በዚያ ሳምንት ለአምስት ሰው ደገመው። ሰባቱንም ኮምፒውተር በቀይዋ ፍላሽ አንድ በአንድ ሲያጸዳ ዋለ፤ ሁሉም ላይ የአንቲቫይረሱን አረንጓዴ ምልክት አሳይቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሐሙስ ዕለት ሩዋይዳ እንደገና ደወለች። ቀስቶቹ ተመልሰዋል።

ከዚያ በኋላ ታምሩ ሐዋርያ የሆነ ይመስል ከተማዋን ይዞራት ጀመር። ጠዋት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ አንድ ፎቶ ቤት ነው፤ ከሰዓት አዲስ ከተማ አንድ ክሊኒክ። በማግስቱ የትምህርት ቤት ሬጅስትራር፣ ከዚያ የመዘምራን ቢሮ፣ ከዚያ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው። በደረሰበት ሁሉ ቀይዋን ይሰካል፤ በደረሰበት ሁሉ ቀስቱ ይጠፋል፤ በሁለት በሦስት ቀኑ ደግሞ በደረሰበት ሁሉ ይመለሳል። ሰውየው ከሳ። ባጃጅ ነጂዎቹ ሳይነግራቸው የሚወርድበትን ማወቅ ጀመሩ።

ጥፋተኛ መፈለጉም አልቀረም። መጀመሪያ ተማሪዎቹን አለ፤ ፍላሻቸውን የትም ይሰካሉ። ቀጥሎ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጡ የፊልም ዲስኮችን አለ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ጥርጣሬው አንድ ሰው ላይ አረፈ፤ ኩማ ላይ።

ኩማ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሞባይል ላይ ዘፈንና ፊልም የሚጭን፣ ኮምፒውተርም የሚጠግን፣ ሳቁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሰው ነው። ታምሩን "ዶክተር" የሚለው በሳቅ ስለሆነ ታምሩ አይወደውም። አንድ ማክሰኞ ሳይጠራ ቤቱ ሄደ።

"ኮምፒውተሮችህን ልይ" አለው።

"ምን ሆኑ? ደህና ናቸው።"

"ደህና የሚመስል ነው የሚያስፈራው። በሽታው ከአንተ ቤት ሳይሆን አይቀርም የሚል ጥርጣሬ አለ።"

"የማን ጥርጣሬ?"

"በባለሙያ ደረጃ" አለ ታምሩ።

ኩማ ሆዱን ይዞ ሳቀና ወንበር ሳበለት። ታምሩ አምስቱንም በቀይዋ ፍላሽ መረመረ። አምስቱም ንጹሕ ነበሩ። ቅር እያለው፣ "ለጊዜው ምንም የለም" ብሎ ወጣ። ሐሙስ ዕለት የኩማ አምስቱም ኮምፒውተሮች ቀስት አወጡ። ወሬው የደረሰው ታምሩ ምሳ ላይ ሆኖ ነው፤ ጉርሻውን እንደያዘ፣ "አላልኩም?" አለ ለጥሩወርቅ። "አላልኩም? እዚያው ነው የነበረው!"

ጥሩወርቅ፣ "እና አንተ ያየህለት ቀን የት ሄዶ ነበር?" አለችው።

"ተደብቆ" አለ ታምሩ።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ሩዋይዳ ቤት ሲደርስ ከእሷ ጋር ሲስተር ገበያነሽን አገኘ። ሲስተር ገበያነሽ ሠላሳ ስድስት ዓመት ነርስ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ጉልበታቸው እንጂ ምላሳቸው ያላረጀ ሴት ናቸው። ለቤተ ክርስቲያናቸው እናቶች ስለ ሕፃናት አያያዝ የሚያስተምር ትንሽ መጽሐፍ እየጻፉ ነበር፤ የሚያስተይቡት ሩዋይዳ ጋ ነው። መጽሐፉ ሦስት ጊዜ ቀስት ሆኖባቸዋል። አሁን ሁለቱ ሴቶች የሩዋይዳን የደንበኛ መዝገብና አንድ ወረቀት ፊታቸው ዘርግተው አጎንብሰዋል።

"ና፣ ተቀመጥ" አሉት ሲስተር። "እኛ ገጠር ኩፍኝ ሲነሳ መድኃኒት ከማደላችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ ነበር። ማን መጀመሪያ ታመመ፣ ከእሱ ቀጥሎ ማን፣ ማንስ ከማን ቤት ሄደ። ይኼን ከሩዋይዳ ጋር ጀምረነዋል። አንተ ሁሉንም ቤት ታውቃለህና አግዘን።"

ታምሩ ደስ አለው። በመጨረሻ በሳይንስ የሚያስብ ሰው ተገኘ፤ ኩማም ሊያዝ ነው። ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠ።

"በደስታ። ጠይቁኝ።"

"ምሥራቅ ያለው ፎቶ ቤት መቼ ታመመ?" አለች ሩዋይዳ እስክሪብቶዋን ይዛ።

"ዓርብ። በደንብ አስታውሳለሁ፤ ረቡዕ ስካነራቸውን ሠርቼላቸው፣ ዓርብ ደወሉ።"

ሩዋይዳ ጻፈች።

"ክሊኒኩስ?"

"ክሊኒኩ... ሰኞ ዊንዶውስ ጫንኩላቸው። ረቡዕ ወጣባቸው።"

"ሬጅስትራሩ?"

"እነሱ ጋ ሐሙስ ነበርኩ፤ ቅዳሜ ነው የታመሙት።"

"ኩማስ?" አሉ ሲስተር።

"ኩማ!" ታምሩ ጣቱን አነሳ። "ማክሰኞ በዚህ በገዛ እጄ መረመርኩት፤ ንጹሕ ነበር። ሐሙስ አምስቱም ወደቁ። ይህን በትልቁ ጻፊልኝ፣ ሩዋይዳ።"

ሩዋይዳ በትልቁ ጻፈችለት። ቀና ብላ ግን አላየችውም።

"የእኔስ?" አለች። "እኔ ማክሰኞ ነው የደወልኩልዎት። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ማን መጣ መሰለዎት?"

"ማን መጣ?"

"እርስዎ። ፕሪንተሩን ሊሠሩልኝ።"

ታምሩ አንገቱን ነቀነቀ፤ ገና አልገባውም። "እና ሙህዲንን አትጽፉትም?" አለ። ሙህዲን ሁለት ቤት አልፎ ጽሕፈት ቤት ያለው ሰው ነው።

"ሙህዲን ጤነኛ ነው" አሉ ሲስተር። "ዛሬ ጠዋት ጠይቀነዋል። እሱ ጋ ሰው ወረቀት ይዞ ይገባል፣ ወረቀት ይዞ ይወጣል፤ ፍላሽ የሚባል አይቀበልም። አንተስ ሄደህለት ታውቃለህ?"

"ሙህዲን እኔን አይጠራኝም። ከተኳረፍን ዓመት አልፎናል።"

"በጀው" አሉ ሲስተር።

ውጪ አንድ ባጃጅ ጥሩምባ ነፋ። ሲስተር ገበያነሽ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉና፣

"ታምሩ ልጄ" አሉት፣ "ከአንዱ ቤት ወጥተህ ሌላው ቤት ስትገባ እጅህን ትታጠባለህ?"

"እጄን? እጄ ምን ሆነ?"

"እጅህ አይደለም። ይቺ" አሉና ቀይዋን ፍላሽ በጣታቸው ነካ አደረጉ። "የጥርስ ብሩሼ ናት፣ ለሰው አላውስም ትላለህ አሉ። አላዋስክም፣ እውነት ነው። ይዘሃት ዞረህ በየሰው አፍ ነው የከተትካት።"

ታምሩ ተነሳ። ፊቱ ጋለ። እሱ ላይ ሳይሆን በጠቅላላው በኮምፒውተር ጥገና ሙያ ላይ ስለተሰነዘረው ድፍረት ብዙ ሊል ፈልጎ፣ ሲስተር ገበያነሽ እናቱን የሚያክሉ ሴት ስለሆኑ ግማሹን ዋጠው።

"ይህ ፍላሽ በየቀኑ ይመረመራል፣ ሲስተር። በየቀኑ አረንጓዴ ነው።"

"መርማሪው ማነው?"

"ውስጡ ያለው አንቲቫይረስ።"

"ማለት ራሱን ራሱ ይመረምራል" አሉ ሲስተር። "ሌላም አለ። ባለፈው ሳምንት በኢሜይል መልእክት ልከህልኛል። በእንግሊዝኛ። 'ፎቶው ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ ወይ?' ይላል፤ በስተመጨረሻ የሚስቅ ፊት አለው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሶኝ አያውቅም።"

ሩዋይዳ አፏን በመዝገቡ ሸፈነች። ታምሩ እንዲህ ያለ ነገር እንዳልጻፈ ማለ፤ ስሙን የሰረቀ ሰው እንዳለ ተናገረ። ከዚያ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ እንደገና ከተተና ወጣ።

በእግሩ ነው የሄደው። ባጃጅ ነጂዎቹ ቢጠሩትም አልሰማም። ፎቶ ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ ሬጅስትራሩ እያለ በጣቱ ይቆጥራል፤ አንዱን እንኳ ሳይሄድበት የታመመ ቤት ፈልጎ አጣ። ቤት ገብቶ ፍላሿን በራሱ ኮምፒውተር መረመረ። አረንጓዴ። እንደገና መረመረ። አረንጓዴ። ያን ጊዜ ተነፈሰ። በሰንበት ደግሞ ሁለቴ መረመረና ሰኞ ጠዋት በድል አድራጊ እርምጃ ወደ አዲስ ከተማ ተመለሰ።

ሩዋይዳ ብቻዋን ነበረች። ጠረጴዛው ላይ አዲስ ላፕቶፕ፣ ከጎኑ የተከፈተ ካርቶን፣ ካርቶኑ ላይ አንድ ሲዲ ተቀምጧል።

"የሱልጣን ነው" አለች ላፕቶፑን እያሳየች። "ትናንት ነው ያስመጣው። ኢንተርኔት አልነካውም፣ ፍላሽ አልነካውም። ሲዲውን ደግሞ የአጎቴ ልጅ ጠሀ ከአዲስ አበባ በትናንቱ አውቶቡስ ላከልኝ። የዚህ ሳምንት አንቲቫይረስ ነው፤ ላፕቶፑ ላይ ጭኜዋለሁ። ሲዲ አንዴ ከተጻፈበት በኋላ ትል አይገባበትም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።"

"ለምን ከኢንተርኔት አታወርጂውም? ከአዲስ አበባ ድረስ..."

"እሱን ልነግርዎት ነው። እዚህ ቤት ያሁ ይከፍታል። ፌስቡክ ይከፍታል። የኳስ ውጤት ይከፍታል። የማይከፍተው የአንቲቫይረስ ድርጅቶቹ ገጽ ብቻ ነው። የአንዱም አይከፍትም። እርስዎ ቤት ይከፍታል?"

ታምሩ አሰበ። አይከፍትም። ከወር በላይ ሆኖታል አልከፍት ካለ። ግን በዚያ ጊዜ ሀዋሳ ውስጥ አንድ ገጽ አልከፍት ሲል ትል ያዘው የሚል ሰው የለም፤ ኔትወርክ የለም ይባላል፣ ያበቃል። ትሉ ከሁሉም መደበቂያ የመረጠው ይህን ነበር፤ ማንም የማይገረምበትን ነገር።

ቀይዋን ፍላሽ ከአንገቱ አወለቀ። ክሩ ጆሮው ላይ ተያዘበትና ሩዋይዳ አላቀቀችለት። ሰካ።

የላፕቶፑ መስኮት ቀላ። ሦስት አለ። ከዚያ ዐሥራ ሰባት። ከዚያ ቁጥሩ እንደ ባጃጅ ታሪፍ ሽቅብ ወጣና ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ ቆመ። ሁሉም ያው አንድ ትል ነው፤ የሁሉም ስም ግን የተለያየ ነው፣ መጠናቸውም አይመሳሰልም። ራሱን በገለበጠ ቁጥር ልብስ ይቀይራል። የታምሩ አንቲቫይረስ የሚያውቀው የድሮ ልብሱን ብቻ ነበር። ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ግን ከሁሉም የባሰው ተጽፏል፤ የራሱ የአንቲቫይረሱ ፋይል። ትሉ እዚያ ገብቶ ተቀምጦ አረንጓዴውን ሲያበራለት ከርሟል።

ታምሩ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ቀኑን አየ። ከሁሉም የሚቀድመው ፋይል ሚያዝያ ላይ የገባ ነው። ያን ቀን አስታወሰው። የአንቲቫይረሱ ፈቃድ አልቆበት ከኢንተርኔት ላይ ክራክ የሚባል፣ ፈቃዱን ያለ ክፍያ የሚከፍት ፕሮግራም አገኘ። ሊከፍተው ሲል አንቲቫይረሱ ራሱ "አደገኛ ነው" ብሎ ጮኸ። ታምሩ ለአምስት ደቂቃ ዝም አሰኘው። ክራኩን ከጫነ በኋላ መልሶ አበራው፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ጮኾ አያውቅም። ታምሩም በጣም ጥሩ ክራክ ነው ብሎ ነበር።

"ማን ያውቃል ይህን?" አለ በመጨረሻ።

"እኔና ሲስተር።"

"ኩማ?"

"ኧረ አልነገርንም።"

ሁለቱም ወደ ግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ተመለከቱ። የኢንተርኔትና የጽሕፈት ቤት ባለቤቶች ማኅበር ሐሙስ ዕለት የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ ጠርቷል። ተናጋሪው ዶክተር ታምሩ ነው። ርዕሱን ራሱ ነው የመረጠው፤ "የተጠቃሚዎች ግድየለሽነት ለትል መስፋፋት ያለው ሚና" የሚል ነው።

"ጋሼ ታምሩ" አለች ሩዋይዳ ለስለስ ብላ፣ "ሐሙስ የሚሉትን እርስዎ ያውቃሉ። እኔ አልናገርም። ግን ቤቶቹ ካልተነገራቸው..."

ረቡዕ ወደ ማታ ታምሩ ለሚስቱ ነገ መሄዱን እንደሚጠራጠር ነገራት።

"ምንህን አመመህ?" አለች ጥሩወርቅ።

"ጉሮሮዬን።"

ትንሽ አየችውና፣ "እስከ ዛሬ ሲያወራ የከረመው ያው ጉሮሮ ነው?" አለች። ከዚያ ምን እንደተፈጠረ ጠየቀችው፤ ነገራት። አልሳቀችም። እሱ እንደምትስቅ እርግጠኛ ነበር። ሸሚዙን አውጥታ መተኮስ ጀመረች። "ነጩን ልበስ" አለችው፤ "ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ንጹሕ ሲለብስ ያምርበታል።"

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሻይ ቀርቧል፣ ኩኪስ ቀርቧል፣ ባነር ተሰቅሏል። ኩማ ከፊት ረድፍ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ሰብሳቢው ስለ ታዩ ክፍተቶችና ስለ ቀጣይ አቅጣጫ ሩብ ሰዓት ተናግረው መድረኩን ለዶክተር ታምሩ ለቀቁ። ታምሩ ወጣ። ያዘጋጀውን ወረቀት አየና አጥፎ ኪሱ ከተተው። ጣቱን ሊያነሳ ሞከረ፤ እንደ ወትሮው አልነሳ አለችው።

"ቤታችሁ የገባውን ትል" አለ፣ "ያስገባሁት እኔ ነኝ።"

አንድ ሰው ሻዩን ሲያማስልበት የነበረው ማንኪያ ቆመ።

ከዚያ አንድም ሳይደብቅ ተናገረ። ክራኩን፣ ለአምስት ደቂቃ ያጠፋውን አንቲቫይረስ፣ ቀይዋን ፍላሽ፣ ከቤት ቤት እንዴት እንዳዞራት። ፎቶ ቤቱንም ክሊኒኩንም በስም እየጠራ ይቅርታ ጠየቀ። በስሙ የሚስቅ ፊት ያለው መልእክት የደረሳቸው ሰዎች ካሉ የላከው ትሉ እንጂ እሱ እንዳልሆነ ሲናገር ከኋላ ሦስት ሴቶችና አንድ ቄስ በእፎይታ ተያዩ። ኩማ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ኩማን ደግሞ ያለ ጥፋቱ ጠርጥሬዋለሁ። ጤነኛ ቤቱን ሄጄ ያሳመምኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርግልኝ።"

አዳራሹ ወደ ኩማ ዞረ። ኩማ አፉን ከፈተ። ለዚህች ቀን የሚሆን ሳቅ ሕይወቱን ሙሉ ያጠራቀመ ሰው ነው፤ ግን እንደዚህ በቀጥታ ሲቀርብለት ከየት እንደሚጀምር ጠፋው።

"አንተ ይቅርታ ስትጠይቅ ታስፈራለህ" አለ በመጨረሻ።

ያን ጊዜ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ታምሩም፣ ትንሽ ዘግይቶ፣ ሳቀ። ሰብሳቢው ሳቁ ሲበርድ ተነስተው፣ ይህ ለሌሎችም አርአያ የሚሆን ግለ ሂስ እንደሆነና በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አሳሰቡ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ግን ከመቀመጫዋ ሳትነሳ፣ "ግለ ሂሱ ጥሩ ነው፤ ከእኔ ቤት የሚወጣው መቼ ነው?" አለች።

"አንድ በአንድ ስናጸዳ ነው የተሸነፍነው" አለ ታምሩ። "አንዱን ሳጸዳ ካልጸዳው ይመለስበታል። ሁሉም ቤት በአንድ ቀን መጽዳት አለበት። እሑድ፣ ከአምልኮ በኋላ። በሲዲ።"

"መጀመሪያ የኔትወርክ ገመዱ ይነቀል" አለች ሩዋይዳ ከመሃል። "ገመዱ ካልተነቀለ አንዱን ጨርሰን ሁለተኛው ጋ ሳንደርስ በመጣበት ይመለሳል። የይለፍ ቃልም ይቀየር።"

ታምሩ ሊያርማት አፉን ከፍቶ የሚታረም ነገር አጣበት። "እሷ እንዳለችው" አለ።

"ምሥራቅን እኔ እይዛለሁ" አለ ኩማ። "ዶክተር እዚያ ባይደርስ እመርጣለሁ።"

እሑድ ሆነ። አሥራ ሁለት ቤቶች በራቸውን ዘግተው ገመዳቸውን ነቅለው ጠበቁ። ታምሩ አዲስ ከተማን በእግሩ ዞረ። በየበሩ ፍተሻ ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ የምትሠራው ታቢታ ኪሱን አስገለበጠችው። መዘምራኑ ደግሞ አንገቱን ካላየን አናስገባህም ብለው የሸሚዙን ኮሌታ አስከፈቱት። ሩዋይዳ ቤት ሲደርስ ሲስተር ገበያነሽ በሩ ላይ ጆግና ሳሙና ይዘው ቆመዋል።

"ሲስተር፣ ይሄ እንኳ..."

"ታጠብ" አሉት።

ታጠበ። በደንብ፣ እስከ ክንዱ። መንገደኛው ቆሞ ያይ ነበር። ከዚያ ገብቶ ከሩዋይዳ ጋር ሰባቱን ኮምፒውተር ሲያጸዱ ዋሉ። አምስተኛው ላይ ታምሩ አንድ የተደበቀ ፋይል አለፈው፤ ያየችው እሷ ናት። "ጎበዝ" አላት። ስድስት ዓመት ሙሉ "ጎበዝ ተማሪ" ይላት ነበር። ሩዋይዳ አስተዋለች። አመሻሹ ላይ ኩማ ምሥራቅን ጨርሶ ላቡን እየጠረገ መጣ። ሦስቱም ደጁ ላይ ወንበር አውጥተው ለስላሳ ጠጡ። ኩማ ከሚያዝያ ጀምሮ ያለውን ታሪክ ከመጀመሪያው እንዲነግረው ታምሩን ለመነው፤ ሲጨርስ እንደገና ለመነው።

አንድ ሳምንት አለፈ፤ ቀስት የለም። ሁለተኛውም አለፈ። የሲስተር ገበያነሽ መጽሐፍ ታትሞ ለእናቶቹ ታደለ። ሮሆቦት ተመረቀች። ሙህዲን ደግሞ አንድ ቀን ራሱ መጥቶ፣ ኮምፒውተሩ ደህና ቢሆንም ለወሬው ሲል፣ ከታምሩ ጋር ታረቀ።

በሐምሌ መጀመሪያ አንድ ጠዋት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የታምሩ ስልክ ጮኸ። ከይርጋለም ነው፤ አባይነሽ የምትባል የጽሕፈት ቤት ባለቤት።

"ፎልደሮቼ ሁሉ ቀስት አወጡብኝ" አለች። "ሀዋሳ ለዚህ የሚሆን ሰው አለ ሲሉኝ ነው የደወልኩት።"

ታምሩ ደነገጠ። ጥሩወርቅ ከጓዳ ብቅ ብላ ታየዋለች።

"እመቤቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኔ እርስዎ ቤት መጥቼ አውቃለሁ?"

"ኧረ በጭራሽ። አይቼዎትም አላውቅ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን!" አለ ታምሩ። "የኔትወርክ ገመዱን ይንቀሉልኝ፣ ምንም እንዳይነኩ። ሲዲ ይዤ እየመጣሁ ነው።"

ጃንጥላውን ፈልጎ ወጣ።